አያ ጅቦ የዘጋው ቫልቭ

አንድ ጊዜ ብርዱ አጥንት በሚሰብር ተራራ ላይ አያ ጅቦ ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖር ነበር። እናቲቱ ቁርጥማት ይዟት ስታቃስት ስለምትውል፣ ጅቦ በቧንቧ ሥራ የታወቀውን አህያ ጠርቶ ቤቱን በሙቅ ውሃ የሚያሞቅ ማሞቂያ እንዲሠራለት ለመነው።

አህያም ውሃ የሚፈላበትን በርሜል ጓዳ ውስጥ አቆመ፤ ቧንቧውን በየክፍሉ ዘረጋ፤ የውሃ መቆጣጠሪያ ቫልቮችንም የተሳለባቸውን ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት አዙሮ ገጠመ። በመጨረሻ በርሜሉ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አሰረ።

«አያ ጅቦ፣ ይቺ ማስተንፈሻ ናት። ውሃው ከመጠን በላይ ሲግል ግፊቱ የሚወጣው በሷ ነው። ስታንጠባጥብ ካዩ እሳቱን ቀንሰው እኔን ያስጠሩኝ። እሷን ግን እንዳይዘጓት፤ በርሜሉ ይፈነዳል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ጅቦ እያዛጋ።

እናቲቱም ሙቀቱ ሲሰማት «ተባረክ ልጄ፣ ጉልበቴ ተፍታታልኝ» ብላ አህያን መረቀችው።

ለጅቦ ግን ሙቀቱ አልበቃውም። እንጨት በላይ በላዩ ሲማግድ ማስተንፈሻዋ ታንጠባጥብ ጀመር። ይኼኔ የአህያ ዝና ሲያንገበግበው የከረመው ቀበሮ ብቅ አለ። እሱም ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ ባይ ነበር።

«አይ አያ ጅቦ! ሙቀትዎ እኮ በዚህች ቀዳዳ እየፈሰሰ አለቀ!»

«የኔ ሙቀት?»

«የእርስዎ እንጂ! ከሥሯ መዝጊያ ቫልቭ ላስገባልዎት፤ ከዚያ ጥርቅም ማድረግ ነው።»

ቀበሮ እሳቱ እስኪበርድ ጠብቆ መዝጊያውን በበርሜሉና በማስተንፈሻዋ መሃል አስገባ። ጅቦም በገዛ እጁ ጠርቅሞ ዘጋው፤ አንድ ሸክም እንጨት ማግዶ ለአደን ወጣ። ገና ወንዙን ሳይሻገር ተራራውን የሚያናውጥ ድምፅ ሰማ። ሮጦ ሲመለስ ጣራው የለም። እናቱ ግድግዳው ተጭኗት ሞታለች።

ነገሩ አንበሳ ዘንድ ቀረበ።

«ማሞቂያውን ማን ሠራው?»

«አህያ!» አለ ቀበሮ ማንም ሳይቀድመው።

«ጌታዬ፣ ፍርስራሹ ይታይልኝ» አለ አህያ። «እዚያ ላይ የገባው መዝጊያ የእኔ ሥራ አይደለም። አያ ጅቦ፣ እንዳይዘጓት ብዬ አልነገርኩዎትም? በእናትዎ ይናገሩ!»

ጅቦ አቀረቀረ። ያስታውሳል። እውነቱን ቢናገር ግን የእናቱ ገዳይ ራሱ ሊሆን ነው።

«ምንም አልነገረኝም» አለ።

አንበሳ ፍርስራሹን ለማየት ዳገቱን መውጣት ታከተው። ተቀምጦ ፈረደ፤ አህያም የደም ካሣ ተብሎ ለጅቦ ተሰጠ። ጅቦ እያለቀሰ በላው።

ያን ዓመት ብርዱ ከበደ። በየቤቱ ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠግን ታጣ። ቀበሮን ቢያስፈልጉት፣ ዕቃውን ሸክፎ ሌላ አገር ገብቷል። አያ ጅቦም ጣራ በሌለው ቤቱ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የባለሙያን ምክር ንቆ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በባለሙያው ላይ ቢያላክክ ያጠፋውን የሚያቃናለትንም ጭምር እንደሚያጣ ነው።