መሀል ቤት የሚቆመው በርጩማ

ባለቤቴ፣ የብርቄ እናት ጥሩወርቅ፣ ሞታለች።

ለለቅሶው ዕቃችን ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ድንኳኑ ሲፈርስ ጎረቤቶች መልሰው አስገቡልን፤ ቤቱንም አሳምረው አሰናዱልን። ከዚያ ወዲህ ብርቄ ከመደቡ አልወረደችም። ዓይኗ ከተወለደች ጀምሮ አያይም። እናቷ እያለች ግን ማንም ሳይመራት ቤቱን ትዞረው ነበር። አሁን ውሃ እንኳ ስትፈልግ ትጠራኛለች።

ዛሬ ማምሻውን አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ተረት አለኝ» አልኳት።

«ጆሮ አለኝ» አለች። እናቷ ያስለመደቻት መልስ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ውስጥ ሳጥን ነበር፣ እንስራ ነበረች፣ መጥረጊያ ነበረች፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማም ነበር። እንደ አንቺ ዓይኗ የማያይ ልጅም ነበረቻት።

የሴትየዋ ዕቃ አቀማመጥ ላየው ሰው ግራ ነበር። በርጩማው መሀል ቤት ይቆማል፤ የገባ እንግዳ ሁሉ እየተደናቀፈ ይራገመዋል። እንስራዋ ከበርጩማው በስተቀኝ አቧራ ላይ ትቀመጣለች። ሳጥኑ በስተግራ ምድጃውን ከልሎ ቆሞ ጀርባው ይጠበሳል። ሦስቱም ያማርራሉ። ሴትየዋ ግን ከቦታቸው አታነሳቸውም።

አንድ ቀን ሴትየዋ ወጣች። አልተመለሰችም።

ዕቃዎቹ አለቀሱ፤ አልቅሰው ሲደክማቸው ተሰበሰቡ። ሳጥኑ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እመቤታችን የለችም፣ ከእንግዲህ ቤቱን ራሳችን እናሰናዳ አለ።

«ጋሼ ሳጥን፣ ማሰናዳት ምን ማለት ነው?» አለ በርጩማው።

«ትልቁን በክብር ቦታ ማስቀመጥ ነው» አለ ሳጥኑ። ምድጃውን ትቶ ከበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ስር ሄዶ ተቀመጠ።

«የለም፣ ለየጤናችን የሚስማማንን መያዝ ነው» አለች እንስራዋ። ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ሄደች።

«ሁለታችሁም አታውቁም» አለች መጥረጊያዋ። «ማሰናዳት ማለት መሀሉን ባዶ ማድረግ ነው። አንተ በርጩማ፣ ሦስት እግር ይዘህ እስከ ዛሬ አንድ ጥግ እንኳ አልደረስክም። በል ተነስ።»

በርጩማውን ሳጥኑ ላይ አወጡት። በርጩማው ከፍታ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ማንም አይረግጠውም፤ ማንም አይራገመውም። ድመቷ ገብታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች፤ የሰርግ ቤት መሰለ ብላ አደነቀች። በርጩማው በጣም ደስ አለው።

ሲነጋ ልጅቷ ውሃ ጠማት። ከመደቡ ወረደች። በርጩማውን ልትነካ እጇን ዘረጋች። የለም። ተመልሳ ተቀመጠች።

ውሃ ጥሙ ጠናባት። እንደገና ወረደች። ወደ ቀኝ ሄደች፤ እንስራዋን ልትነካ እጇን ዘረጋች። የለችም። እንስራዋ ከጥጓ ሆና «እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ትላለች፤ የዕቃን ቋንቋ ግን ሰው አይሰማም። ልጅቷ ዳብሳ ዳብሳ ተመለሰች።

ለሦስተኛ ጊዜ ወረደች። አሁን ግን አቅጣጫው ጠፍቶባት ነበር። ወደ ግራ ሄደች። በግራ በኩል እሳቱ ይነዳል፤ ከልሎት የሚቆመው ሳጥን የለም።

«ጋሼ ሳጥን፣ ሂድ ከልልላት» አለ በርጩማው።

«እኔ ከባድ ነኝ፤ እስክነሳ ትደርሳለች» አለ ሳጥኑ።

በርጩማው ቁልቁል አየ። በዚያ ከፍታ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ራሱን ጣለ። አንድ እግሩ ተሰነጠቀ፤ ግን ተንከባሎ ተንከባሎ ከልጅቷ እግር ስር ደረሰ። ቅልጥሟን መታት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ዳበሰችው፤ ለየችው። ላዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ዕቃዎቹ አፈሩ። ሳጥኑ ወደ ምድጃው፣ እንስራዋ ወደ አቧራው ተመለሱ። በርጩማውንም መሀል ቤት አቆሙት።

«ይኸው፣ ሁሉም እንደነበረው ሆነ» አለ ሳጥኑ።

«እመቤታችን ግን የለችም» አለ በርጩማው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በርጩማው ሲረገጥ አማርሮ አያውቅም። ቤት የሚሰናዳው ለሚኖርበት ሰው እጅ ነው። ተረቴ እዚህ ላይ ደከመው፤ አሳርፊልኝ።

«አሳረፍኩት» አለች ብርቄ። «እግሩስ ዳነ?» አለችኝ።

«ስንጥቁ አለ። ግን ይቆማል።»

«የኛስ በርጩማ የት ነው?»

ቀና ብዬ አየሁ። «ሳጥኑ ላይ ነው» አልኳት።

«እማዬ እዚያ አታስቀምጠውም።»

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

ተነስቼ አወረድኩት። መሀል ላይ አስቀመጥኩትና መሬቱን በእግሩ ጠቅ ጠቅ አደረግኩላት። ድምፁን አዳምጣ ወደ እኔ ሳበው አለች። ሳብኩት። ትንሽ ወደ እንስራዋ ቦታ አለች። ገፋሁት። በቃ፣ እዚያ አለችኝ። እንስራዋን አመጣሁ። ሳጥኑን እየጎተትኩ ምድጃው ፊት አቆምኩት።

ብርቄ ከመደቡ ወረደች። እጇን ዘርግታ ሄደች፤ በርጩማውን ነካችው። ወደ ቀኝ ዞረች። ውሃ ቀዳች፤ ጠጣች። በመጣችበት ተመልሳ ተኛች።

መብራቱን አጥፍቼ ወደ መደቡ ስመለስ በርጩማው ቅልጥሜን መታኝ። ከቦታው ፈቀቅ ብሎ እንደሆነ በእጄ ዳበስኩት። መልሼ አስተካከልኩት።