አልነጋም የተባሉት ድንጋዮች

ከጉርባ ገበያ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቤት በሚያካክሉ ጥቋቁር ድንጋዮች መካከል ይሽሎከሎካል። ድንጋዮቹ «አልነጋም» ይባላሉ። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ሙሽራ፣ አህያ ነጂም ይሁን የአይሱዙ ሾፌር፣ ከመጀመሪያው ድንጋይ ሲደርስ «ነጋ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያም መዳፉን ከፍቶ ወደ ጉልበቱ ዝቅ ያደርግና ትንፍሽ ሳይል ያልፋል። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ እንኳ፣ «ነጋ!» ይላል። ይህን ንቆ ያለፈ አንድ የከተማ ሰው፣ ከኋላው እያሸተተ የሚከተል አፍንጫ እስከ ደጁ ስለሸኘው፣ ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ከግድግዳ ሳያስጠጋ እህል አይቀምስም ይባላል። የሚተኛውም ቆሞ ነው ይላሉ፤ ይህን እኔ አላየሁም፣ ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

አባቶች እንደሚሉት፣ በድሮ ዘመን የዚያ አገር ዳኛ ባላምባራስ እርገጤ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጥርሳቸውን ያየ ሰው አልነበረም፤ እናታቸው እንኳ ልጇ ጥርስ ማብቀሉን ያወቀችው ጡቷን ሲነክሳት ነው ይባላል። ሁለት ባላንጣዎች ጎራዴ ተማዝዘው ሲፋጠጡ፣ ባላምባራስ ከጉብታው ማዶ ሆነው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ፣ ጎራዴው በገዛ ፈቃዱ ወደ አፎቱ ይመለስ ነበር። አገሩ የሚታረቀው ሕግ አውቆ ሳይሆን ያቺን የጉሮሮ ጠረጋ ፈርቶ ነው።

እኒህ ሰው ማናህሎኝ የሚባል ውሻ ነበራቸው። በጉብዝናው ሲጮኽ ከወንዝ ማዶ ያለ ወተት ሳይናጥ ቅቤ ያወጣ ነበር፤ ጅብም በዚያ ቀበሌ የሚያልፈው አስፈቅዶ ነው። ነገር ግን እርጅና ማናህሎኝንም አልፈራችውም። ዓይኑ ነጭ ለበሰ፤ የኋላ ግራ እግሩ ሞተና እየጎተታት መሄድ ጀመረ። ባላምባራስም አርጅተው ነበርና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተጠባበቁ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየቆመ፣ ወደ ድንጋዮቹ ይወጡ ነበር። አገሩ ግን ባላምባራስ ዛር አለባቸው፣ ከድንጋዩ ሥር ይማከራሉ ብሎ ማማት ያዘ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ አንድ ቀን «ባላምባራስ፣ እግሩ የሞተ ውሻ ይዘው ገደል ለገደል ምን ይሠራሉ? ሰው ምን ይለናል?» አሏቸው።

«ጸሎት ነው፣ አስካለ።»

«ከውሻ ጋር?»

«እሱ አሜን ይላል።»

እንደሚነገረው፣ ጸሎታቸው ድብብቆሽ ነበር። ማናህሎኝ ፊቱን ከትልቁ ድንጋይ ደፍቶ፣ በፊት እግሮቹ ዓይኑን ሸፍኖ፣ አንድ ጊዜ «ው!» ይላል። ልጆች ሲጫወቱ «ኩኩሉ!» እንደሚሉት መሆኑ ነው። ባላምባራስም መደበቂያ ፍለጋ እየዳኹ «አልነጋም!» ይሉታል። «ው!» ይላል። «አልነጋም!» ደህና አድርገው ከተደበቁ በኋላ «ነጋ!» ሲሉ ተነሥቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ እያሸተተ መጥቶ እርጥብ አፍንጫውን መዳፋቸው ውስጥ ይከታል። ያን ጊዜ ያ ተራራ የሚያህል ፊት ይናድና፣ «ተያዝኩ! ጌታዬ ማናህሎኝ፣ ተያዝኩ!» እያሉ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። የሚገርመው፣ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ ሳይሸፍነው ቀርቶ አያውቅም፤ የዳኛ ውሻ ነው፣ ጨዋታም ሕግ አለው። አንድ ቀን ባላምባራስ ካባቸውን ሌላ ድንጋይ ላይ ጥለው ቢያሞኙት፣ ካባው ላይ ተቀምጦ «ጥፋተኛ ነኝ» እስኪሉት ድረስ አልነሣም ብሎ አጉረመረመባቸው ይባላል። ባላምባራስ ያቺን ቃል ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረዋት አያውቁም።

በዚያ ወራት በሁለት ቤተ ዘመዶች መካከል ደም ፈስሶ ነበርና ባላምባራስ ሊያስታርቁ ቀን ቆረጡ። ወንድሙ የተገደለበት ሽብሩ የሚባል ጎበዝ ግን ልቡ አላመነም። በእርቁ ዋዜማ «ዳኛው ከድንጋዩ ሥር ከደመኞቼ ጋር ይመክራሉ» ብሎ ምስክር አስከትሎ በስተኋላቸው ወጣ። ሲደርስ ማናህሎኝ ፊቱን ደፍቷል፤ ባላምባራስም በአራት እግራቸው እየዳኹ፣ ካባቸው እሾህ ይዞት፣ «አልነጋም!» ይላሉ።

«ባላምባራስ!» አለ ሽብሩ። «ለማን ነው የሚመልሱት?»

ባላምባራስ ቀና አሉ። ነገ ሁለት ዘመድ መሣሪያውን የሚያወርደው በእርሳቸው ቃል ነው፤ ዛሬ ከተሳቀባቸው ነገ ማን ይፈራቸዋል? ጉልበታቸውን አራገፉና «ቀለበት ወድቆብኝ ነው» አሉ።

«ውሻውስ?»

ባላምባራስ ወደ ውሻው ሳይዞሩ «የማን እንደሆነ አላውቅም» አሉ።

ያን ጊዜ ማናህሎኝ ፊቱን ከድንጋዩ ሳያነሣ «ው!» አለ። የመለሰለት የለም። ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፊት ፊት እየመሩ ቁልቁል ወረዱ።

በማግስቱ እርቁ ወረደ፣ በጉ ታረደ፣ ደመኞቹ ተሳሳሙ። ድግሱ እስኪያልቅ ግን ከአፋፉ «ው!» የሚል ድምፅ አልተቋረጠም። ወይዘሮ አስካለ ጠጋ ብለው «ኧረ ውሻዎ ይጣራል» ቢሏቸው «ሰው በተሰበሰበበት ውሻ አይነሣም» አሉ። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ደም ማድረቅ እንችልና ለአንድ ውሻ አንዲት ቃል ያቅተናል። የመጨረሻው እንግዳ ሲሰናበት ባላምባራስ ወጡ። ማናህሎኝ እንደተዉት ነበር፤ ፊቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ጠጉሩ ላይ ጤዛ ወርዶበት፣ ደርቋል። «ነጋ» ሳይባል አይነሣማ! እዚያው ቀበሩት። ያን ቀን ካለቀሱት እንባ ከገደሉ ሥር ምንጭ ፈለቀ የሚሉ አሉ፤ ይህ ግነት ነው። ምንጩ ፊትም ነበረ፤ ጨው ጨው ማለት የጀመረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥሪው ግን አልተቀበረም። በየምሽቱ ከድንጋዮቹ አንድ «ው!» ይሰማል፤ ከዚያም አንድ ሰው መልስ ለመስጠት የሚበቃው ያህል ዝምታ ይሆናል። ያ ዝምታ ከጥሪው ይብስ ነበር ይባላል። ዝምታው ሲወርድ የሚጠባ ሕፃን ጡት ይለቅቃል፤ የሚያመሰኳ በሬ መንጋጋውን ያቆማል። ቄሱ ጠበል ይዘው ወጡ፤ ከገንቦው ውስጥ የሚልፍ ምላስ ሰሙና ገንቦውን ትተው ወረዱ፤ በነጋታው ገንቦው ባዶ ነበር። ባላምባራስም ችሎት ተቀምጠው ጥሪው ሲመጣ አፋቸውን ይከፍቱና፣ ሰው እንደሚያያቸው ትዝ ሲላቸው መልሰው ይዘጉታል።

በመጨረሻ ያው ሽብሩ ጥቁር ለብሶ ከደጃቸው ቆመ። «ባላምባራስ፣ እባክዎ ይመልሱለት።»

«ሰው ይስቃል፣ ልጄ።»

«ይሳቅ! መጀመሪያ እኔ እስቃለሁ። ሳቅ ማንን ገደለ? ይህ ዝምታ ግን ሊጨርሰን ነው።»

«የማን እንደሆነ አላውቅም ብያለሁ እኮ፤ አንተም ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ፤ እሱም ሰምቷል። ይኸው እስከ ዛሬ ይጠብቅዎታል እንጂ ሌላ ሰው አልጠራም።»

ባላምባራስ ካባቸውን ደረቡ። አገሩ ሁሉ እያየ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ወደ ድንጋዮቹ ወጥተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ው!» አለ ባዶው ድንጋይ። «አልነጋም!» አሉ ባላምባራስ። «ው!» «አልነጋም! ማናህሎኝ፣ ጥፋተኛ ነኝ፣ አልነጋም!» እየዳኹ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ተሰወሩ። ከዚያም «ነጋ!» የሚል ድምፅ መጣ። የሳቀ የለም። አንዲት የምትጎተት እግር በሰዎቹ መካከል፣ አቧራውን እየጫረች፣ ማንንም ሳትነካ ስታልፍ ሁሉም ሰማ። ጥቂት ቆይቶም ከድንጋዩ ጀርባ ሳቅ ፈነዳ፦ «ተያዝኩ! ጌታዬ፣ ተያዝኩ!»

ሽብሩ ሮጦ ዞረ። ካባው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ መካከሉ ውሻ የተቀመጠበት ያህል ጎድጉዶ ገና ይሞቃል። ባላምባራስ ግን የሉም። ገደል ገቡ የሚሉ አሉ፤ ገመድ ወርዶ ቢታይ ከምንጩ በቀር የተገኘ የለም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ በጨዋታው ሕግ የተያዘ ሰው በተራው ፊቱን ይደፋል። ስለዚህ ይመስለኛል፣ ዛሬ በዚያ ስናልፍ አንዳንድ ቀን የምንሰማው «ው!» ሲሆን አንዳንድ ቀን የጉሮሮ ጠረጋ የሚሆነው።

ማንም ይጥራ ማን፣ ያለ መልስ መተው አይገባም ተብሎ «ነጋ!» የሚለው ልማድ ከዚያ ጀመረ። የገበያ ቀን አይሱዙው ከድንጋዮቹ ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ነጋ!» ይልና እጁን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ መዳፉን ከፍቶ፣ ዝም ይላል። ድንጋዮቹ ሲያልቁ ከእነዚያ መዳፎች አንዱ እርጥብ ነው። የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ሁሉም መዳፉን በልብሱ ይጠርጋል፣ ያልራሰውም ጭምር።