የሾላ ሜዳ ባለውለታዎች

ይህን ነገር በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ስላልፈቱት፣ እኔም ስለ ደከመኝ፣ እናንተ ላይ ከመጣል ሌላ መላ አጣሁ።

በአንድ ወቅት፣ ነገሥታት ግንብ በሚያሠሩባት ከተማ፣ የማንም ስላልሆነ የሁሉም የሆነ ሾላ ሜዳ ነበረ። እመት ሣህሊቱ የሚባሉ ባልቴት አንዲት ላማቸውን ያሰማሩበታል፤ የሚኖሩት በቅቤዋ ነው። መሪጌታ አቤሴሎም በጥምቀት ታቦት ያሳርፉበታል። ሸማኔው ሰይድ ኑር ክሩን ይወጥርበታል። ባላምባራስ እልፍዮስ ግን የበቅሎዎቻቸው መሰማሪያ ጠበባቸውና ሜዳውን ለማጠር ችካል አስጫኑ።

እመት ሣህሊቱ ከሠራተኞቹ ፊት ቆመው «በንጉሥ አምላክ፣ ከዚህ አትለፉ» አሉ። ይህን ቃል የጣሰ ይቀጣልና ሰዎቹ ችካላቸውን ጥለው ጥላ ፍለጋ ሄዱ። ባላምባራስ ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ይዘው እስኪመለሱ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

በዘጠነኛው ቀን ጥምቀት ገባ። በማግሥቱ መሪጌታ አቤሴሎም ታቦቱ አልሄድም ብሏል ብለው አስነገሩ። አንዱ ችካል ተካይ ማን እንደ ሰማው ቢጠይቅ፣ «ጠጅ ጠጥተህ ባትመጣ አንተም ትሰማ ነበር» አሉት። ታቦት ባለበት ማን ችካል ይመታል? ደብሩ ያለ ታቦት መክረሙ ካህናቱን እስኪያስመርር ሃያ ቀን አለፈ፤ ከዚያ ታቦቱ ወደ ደብሩ ተመለሰ።

ያን ጊዜ እስከዚያ ዘመቻ ላይ የነበሩት የከተማው ዳኛ ተመልሰው ነበርና ሰይድ ኑር ባላምባራስን ከሰሰ። እንደ ሥርዓቱ የሁለቱ ሸማ ጫፍ ለጫፍ ተቋጠረ፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሰይድ ኑር ያንኮራፋል። ጎህ ሲቀድ ለሶላት ሲነሣ ባላምባራስም መነሣት ግድ ይሆንባቸዋል። በአርባኛው ቀን «ሜዳውም ይቅርብኝ፣ ይህን ሰው ብቻ ፍቱልኝ» አሉ።

ዳኛው ደስ ብሏቸው ሜዳው ላዳነው ሰው ይሁን ብለው ፈረዱ። መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እመት ሣህሊቱ እኔ ባላስቆማቸው ታቦቱ የሚያርፈው አጥር ውስጥ ነበር አሉ። መሪጌታ ታቦቱ ባይከርም ዳኛው የሚደርሱት ለአጥሩ ምርቃት ነበር አሉ። ሰይድ ኑር ደግሞ «አርባ ሌሊት ከማን ጋር እንዳደርኩ ታውቃላችሁ?» ከማለት በቀር ሌላ መከራከሪያ አላመጣም።

ነገሩ እስኪለይ ማንም እንዳይረግጠው፣ ሜዳው ከክርክሩ ነጻ ለሆነ ሰው በአደራ ተሰጠ፤ ለባላምባራስ እልፍዮስ። እሳቸውም አደራ ከባድ ነው ብለው አጠሩት። የእመት ሣህሊቱ ላም ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ ውስጥ በቅሎዎቹ ሲግጡ ታያለች። ወተቷም ነጥፏል።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ሾላ ሜዳ የሚገባው ለማን ነው?

ብቻ ይህን ለማንም አታውሩብኝ። የባላምባራስ የልጅ ልጆች ከሰሙ፣ ሜዳውን እስከ ዛሬ የጠበቅነው እኛ ነን ብለው አራተኛ ተከራካሪ ይሆናሉ።