ለመንገዱ መስኮት ያልነበረው ቤት

«እኛ ምን በድለናችሁ ነው በራችሁን የዘጋችሁብን?»

እህቶቼ፣ አንዲት ሴት ወፍጮ ቤት ቆማ ሳለች ይህን ተጠየቀች። ስንዴዋን አስፈጭታ ልትወጣ ነበር። የጠየቀቻት ጎረቤቷ ናት። ጥያቄው ከባድ አይደለም፤ እኔና እናንተ ብንሆን አንድ ነገር እንል ነበር። እርሷ ግን አንድም ቃል አልወጣትም። የዱቄት ከረጢቷን እንደ ልጅ አቅፋ ዝም አለች።

ለምን አልመለሰችም? ክፉ ሴት ስለሆነች ነው? ኮርታ ነው? ታገሡኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ይህች ሴት ስሟ ሲድሰል ነው። አገሯ ዴንማርክ ነው፤ ባሕር የከበበው፣ ነፋስ የማይለየው አገር። ባሏ ቶገር መሬት ፍለጋ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ተከትላው ሄደች። ይህ ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል። ታሪኩን የነገረችን በጤና ጣቢያችን አንድ ዓመት ያገለገለችው ነርስ ናት፤ ሲድሰል የአያቷ እናት ነበረች።

ሲድሰል ከአገሯ ስትወጣ እናቷ ደጅ ላይ ቆማ ትሸኛት ነበር። ሲድሰል ዞራ አላየችም። ካየሁ እቀራለሁ ብላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷን በዓይኗ አላየችም። ስለዚህ ራሷ ልጆች ስትወልድ አንድ ፍርሃት ያዛት፤ እኔ እናቴን እንደተውኳት እነዚህም ትተውኝ ይሄዳሉ የሚል ፍርሃት። እናት የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ልጅ ጫማውን ባጠለቀ ቁጥር «ወዴት ነው?» የሚያሰኘውን ነገር ታውቁታላችሁ።

የሰፈሩበት ቦታ ነብራስካ ይባላል። ሣር፣ ሰማይ፣ ነፋስ፤ ሌላ ምንም የለም። ዛፍ እንኳ የለም። የቅርቡ ጎረቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ቶገር ትጉህ ሰው ነበር። በቆሎ ዘራ፣ ስንዴ ዘራ፣ ላሞች አረባ። ቀጥሎ ቤት መሥራት ጀመረ። እንዴት ሠራ? አባቱ እንደሠራው ሠራ።

በአባቱ አገር የገበሬ ቤት አራት ማዕዘን ነው። በአንዱ ወገን ሰው ይኖራል፣ በአንዱ ላሞች፣ በአንዱ ፈረሶች፣ በአንዱ እህል። አራቱም ተያይዘው መሐል ላይ ግቢ ይተዋሉ። በርና መስኮቱ ሁሉ የሚያየው ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ነው። ወደ ውጭ ያለው ግድግዳ ድፍን ነው፤ የባሕሩ ነፋስ እንዳይገባ። መውጫው አንድ ትልቅ በር ብቻ ነው።

ቶገር በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ወገን ሠራ። ሲድሰል ደጃፏ ላይ ቆማ ሜዳውንና መንገዱን ታይ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛው ወገን ቆመ። በአምስተኛው ዓመት ሦስተኛው። በሰባተኛው ዓመት አራተኛውን ገጠመው፤ የሲድሰል ዓይን ከዚያ በኋላ የሚያርፈው በላሞቹ በረት ላይ ብቻ ሆነ።

ቶገር ግቢው መሐል ቆሞ እጁን አራገፈና፣ በልጃቸው ስም እየጠራት፣ «አየሽ፣ የኤስበን እናት? አሁን አገራችን ገባን» አላት።

እርሷም «አዎ» አለች። ምን ትበል?

ሰው አልመጣም። እሑድ ሲሆን የሰው ጋሪ በመንገዱ ሲያልፍ ትሰማለች፤ ማን እንደሆነ ግን አታይም። ቶገር ልጁን ኤስበንን ይዞ እርሻ ይውላል፤ ቢርተ የምትባለው ሴት ልጇ ትምህርት ቤት ትውላለች። ሲድሰል ላሞቹን ታወራቸው ነበር። ላም ስታወሯት ጆሮዋን ታዞራለች፤ «አይዞሽ» ግን አትልም።

በዚያ መሐል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ስሟ ካያ። ካያ ጉሮሮዋን ታመመች። ቶገርና ኤስበን ሐኪም ሊያመጡ በፈረስ ሄዱ። ቢርተ ውሃ ታሞቃለች፤ ሲድሰል ልጅቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ውጭ ነፋሱ ይጮኻል። ጥጆቹ እንዳይወጡ ትልቁ በር በመወርወሪያ ተዘግቷል። ሐኪሙ በማግስቱ ሲደርስ ካያ አልነበረችም።

አራት ሆነው ቀበሯት። አራት ብቻ። እህቶቼ፣ እኛ አገር ለቅሶ ቤት ድንኳን ይሞላል፤ ሰው በሰው ላይ ይደራረባል። እርሷ ግን ቀና ብላ የሚያለቅስላት ፈለገች፤ ያየችው ባሏንና ሁለት ልጆቿን ነው። በልቧም «ይህ አገር ሰው የለውም» አለች። ቶገርም ጎረቤቶቹን ተቀየማቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀየማቸው።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስ።

ሲድሰልና ቢርተ ከረጢታቸውን ሊያወጡ ሲሉ ወፍጮኛው አየና ሳቀ። «እሰይ! የምሽጉ እመቤት ዛሬ ወጣች! በሩን ማን ከፈተላት?» አለ። የአካባቢው ሰው ያንን ቤት «ምሽግ» ነበር የሚለው። ቢርተ ፊቷ ቀላ። ለእናቷ አልተረጎመችላትም፤ ሲድሰል የዚያን አገር ቋንቋ አታውቅም ነበር።

እዚያ ተራ ትጠብቅ የነበረች ሮዛሊያ የምትባል ሴት ግን አልሳቀችም። እርሷም ከሌላ አገር የመጣች ናት፤ ቋንቋው እርሷንም ያንገዳግዳታል። ወደ ሲድሰል ቀረበችና ያንን ጥያቄ ጠየቀቻት። ቢርተ ተረጎመች። ሲድሰል ዝም አለች። ዝምታው ሮዛሊያን አናደዳት።

«ልጅቷ የታመመች ቀን ሐኪም ፍለጋ ሲጋልቡ አይቼ መጣሁ» አለች። «የዝይ ሾርባ በድስት ይዤ መጣሁ። ቤትሽን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። መስኮት የለ፣ ምን የለ! በሩን በጡጫ ደበደብኩት። ተጣራሁ። ከውስጥ ጭስ ይወጣል፤ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሾርባው በእጄ ላይ ቀዝቅዞ ተመለስኩ። ባሌም "አልነገርኩሽም? እነዚያ ሰዎች ሰው አይፈልጉም" አለኝ። እኛ ምን አደረግናችሁ?»

ቢርተ ይህንን ተረጎመች። ሲድሰልም የሰማችውን ማመን አቃታት። መጥታ ነበር? ሰው መጥቶ ነበር? ሮዛሊያ እጇን አወናጭፋ ሄደች።

ጋሪው ላይ ወጥተው ወደ ቤት ሲመለሱ ቢርተ ቀድማ ተናገረች።

«እማዬ፣ ለምን ዝም አልሻት?»

«ምን ልበላት?»

«አንድ ነገር! ሰው ሲያናግርሽ አንድ ነገር ይባላል!» ቀጥላም፣ «ኤስበን ሊሄድ ነው፤ ታውቂያለሽ?» አለች።

«ወዴት?»

«ባቡር መንገድ ሥራ። ለአባባ መናገር ፈርቶ ነው። እንደ ከብት ታጥሬ አልኖርም ይላል።»

«አንቺስ?»

ቢርተ የፈረሱን ጀርባ እያየች ቀረች።

እህቶቼ፣ ያቺ እናት ቤት እንደገባች ሻሿን እንኳ አላወለቀችም። መጋዝና መጥረቢያ አነሣች። ምድጃዋ ያለበትን፣ ወደ መንገዱ ያለውን ድፍን ግድግዳ መምታት ጀመረች። ሣንቃው ሲሰነጠቅ ቶገር ከበረት እየሮጠ መጣ።

«የኤስበን እናት! አብደሻል እንዴ?»

«መስኮት እያወጣሁ ነው።»

«በዚህ በኩል? ነፋሱ ቤታችንን ሊያፈርስ? አባቴ እንዲህ አልሠራም። አያቴም እንዲህ አልሠራም!»

«የአባትህ ቤት ከግድግዳው ወዲያ መንደር ነበረው!» አለችው። «የጎረቤት ዶሮ ሲጮኽ ይሰማን ነበር። ሰው ሁሉ በሩ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። እዚህ ማን ያውቃል? ካያ ስትሞት ሰው መጥቶ ነበር፣ ቶገር። ሮዛሊያ ሾርባ ይዛ መጥታ ግድግዳህን ዞራ ዞራ ተመለሰች።»

ቶገር እንጨት የሚፈለጥበት ግንድ ላይ ተቀመጠ። «መጥታ ነበር?» አለ። «እኔ እኮ መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላም እንኳ አልላትም ነበር።»

ሲድሰል መልሳ መጋዙን አነሣች። እርሱም ትንሽ ካያት በኋላ ተነሣ። «አጣመምሽው። እንዲህ አይቆረጥም፤ ስጪኝ» ብሎ መጋዙን ከእጇ ወሰደ።

በማግስቱ ሲድሰል በእግሯ ሮዛሊያ ቤት ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ቢርተ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረቻት፤ «አልሰማሁሽም» የሚለውን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየደጋገመች ሄደች። ሮዛሊያ በሯን ስትከፍት ሲድሰል ይህችኑ ተናገረች፤ «አልሰማሁሽም።» ሌላ የምታውቀው ቃል ስለሌለ ደግማ፣ «አልሰማሁሽም» አለች።

ሮዛሊያ አየቻት። «ሦስት ዓመት!» ብላ ጮኸች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስረግምሽ! በይ ግቢ፣ ግቢ፤ ብርድ አታስገቢብኝ።» እጇንም ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻት። ሁለቱ ሴቶች በማይግባቡበት ቋንቋ እየተናገሩ ለካያ አለቀሱ። ለካያ ሌላ ሰው ሲያለቅስላት ያ ቀን የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ እናንተን ልጠይቅ። ያ ግድግዳ ክፉ ነበር? አልነበረም። ቶገር ክፉ ባል ነበር? አልነበረም። ልጆቹን ከነፋስ ሊጋርድ ነው የሠራው። አባቶቹ በአገራቸው ሠርተውት ጠቅሟቸዋል። ባሕር ማዶ ያሞቃቸው ግድግዳ እዚህ ለብቻ አስቀራቸው።

የእናንተስ ግድግዳ የትኛው ነው? ቆርቆሮ አጥር አልልም፤ እርሱ በዓይን ይታያል። የማይታየውን ነው የምጠይቃችሁ።

የእኔን ልንገራችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ከቆጠሩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠሩኝ አልሄድም ነበር። ስም ጻፊ፣ ፈርሚ ይሉኛል ብዬ። ልጄን «አሞኛል በል» እለው ነበር። ስንት ዓመት አመመኝ! የሰፈሩ እናቶችም «እርሷ ኩሩ ናት፣ ከእኛ ጋር አትቀመጥም» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ «የሚጠይቀኝ ሰው የለም» እል ነበር። እፍረቴን ልሸፍን የሠራሁትን ግድግዳ ሰው ከውጭ ሆኖ «ኩራት» ብሎ ጠራው። ልጄም እናቱ ከሰው የምትሸሽ ሴት መሆኗን እያየ አደገ።

ስለዚህ «ማንም አልመጣልኝም» የምትሉ እህቶቼ፣ ቀስ በሉ። እርግጠኛ ናችሁ? ስንት ሰው ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ይሆን? እግዚአብሔር ሲያጽናናን ብዙ ጊዜ መልአክ አይልክም፤ ጎረቤትን ድስት አስይዞ ይልካል። ጎረቤት ደግሞ በግድግዳ አያልፍም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የተቀየማችሁትን ሰው አስቡ። ያ ሰው መጥቶ ይሆናል። ሂዱና አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ንገሩት። ብትንተባተቡም ንገሩት። ነገ አትበሉ፤ ልጆች ነገን አይጠብቁም። እናንተ ግድግዳ ስትሠሩ እነርሱ ከውስጥ ሆነው ያድጋሉ፤ ማደጋቸውን እናይ ይሆናል፤ መታፈናቸውን ግን አናይም። እኔ እናት ነኝ፤ ይህን ስናገር እፈራለሁ።

መስኮቱ ሲወጣ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብላችሁ እንዳትሄዱ። እዚህ ቆሜ አልዋሻችሁም። ነፋሱ እውነትም ገባ፤ ክረምቱን ሁሉ በከረጢት ጨርቅ ሲወትፉት ከረሙ። ሮዛሊያ በየሳምንቱ መምጣት ጀመረች። ለኤስበን ግን ዘግይቶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያደገው በዚያ ግቢ ነው፤ ልቡ ከወጣ ቆይቷል። ሲድሰል በዚያ መስኮት አሻግራ መጀመሪያ ያየችው ሰው ልጇ ነው፤ ጓዙን ተሸክሞ ሲሄድ ጀርባውን አየች። ዞሮ አላየም።

ኤስበን ሄደ፤ አልተመለሰም። ቢርተ ግን ከእናቷ ጋር ቀረች።