የቢምረው መሐላና የልጁ መዳፍ

ተረት ተረት።

«የላም በረት።»

ጎሽ። ላሞቹም ገብተዋል፣ እናንተም ገብታችኋል። በሩን መለስ አድርጉትና ጠጋ በሉ። አንቺ ጥግ የያዝሽው፣ እንቅልፍሽን ለኋላ አቆዪው።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ ቢምረው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሥራ ወዳድ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሲስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ይሰማዋል። አንድ ጉድ ብቻ ነበረበት፤ አረቄ ይወዳል። መውደድ ብቻ መሰላችሁ? የጎተራው እህል ግማሹ የሚያልቀው በአረቄ ነበር። ሚስቱ ላቀች ብትመክረው አልሰማ አለ። ብትቆጣው ሳቀ። ከዚያም ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ውብሸት ሄደችና ነገረቻቸው።

መምሬ ውብሸትም አስጠሩትና እንዲህ አሉት፦

«ቢምረው፣ ተገዘት።»

እምቢ እንዳይል ካህን ናቸው። እሺ እንዳይል አረቄው አለ። አሰበ አሰበና ማለ፦

«ከእንግዲህ የአረቄ መለኪያ በእጄ ብይዝ ውግዝ ልሁን።»

መምሬ ምሳ እየጠበቃቸው ነበርና መሐላውን ሳያገላብጡ ባረኩት። ረሃብ ካህንም አይምርም።

ማታ ቤቱ ገባና ልጁን ጠራት። አንጓች ትባላለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያ አገር እንደሷ አቅጥኖ የሚፈትል አልነበረም። ያን ሰሞንም አባቷ ለፋሲካ የሚለብሰውን ጋቢ ትፈትል ነበር።

«አንጓችዬ፣ እኔ መለኪያ እንዳልይዝ ምያለሁ። አንቺ ግን አልማልሽም። ያዥና አጠጪኝ» አላት።

አንጓች አባቷን ትወዳለች፤ ቀዳችለት። የአገሩን ወግ ደግሞ ታውቃላችሁ። መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። አንጓችም በመዳፏ ጠብ አደረገችና ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ። ቢምረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

አንድ ማታ እንዲህ ሆነ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እሱ አምስት መለኪያ ሲል እሷም አምስቴ ትቀምሳለች። ወር ሳይሞላ ፊቷ መጨማደዱን ተወ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠብታው ቀረና መዳፏ እስኪሞላ መቅዳት ጀመረች።

ከዚያም ፈትሉ መወፈር ጀመረ። እንደ ፀጉር ይቀጥን የነበረው የአህያ መጫኛ ገመድ መሰለ። ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። ዶሮዎቹን ደጅ ትረሳና ባዶውን ቆጥ ትዘጋለች። ላቀች ይህን አየችና ባሏን እንዲህ አለችው፦

«አንተ ሰው፣ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች አሉ። ልጅቷን እያት።»

«ምን ሆነች?»

«ዝም ብለህ እያት።»

አላያትም። ሰካራም የሚያየው የመለኪያውን ቂጥ ነው።

የአጨዳ ጊዜ ደረሰና ቢምረው ደቦ ጠራ። ሃያ ሰው ገብሱን ያጭድለት ጀመር። ፀሐይ ስትበረታ አንጓችን ላካት፦

«ሂጂና ለሽማግሌዎቹ በቅል አረቄ አምጪ።»

ሄደች። ቆየች። በጣም ቆየች። በኋላ ቅሉን ገልብጣ በራሷ ላይ ደፍታ፣ እየዘፈነች መጣች። በማሳው ዳር የወፍ ማስፈራሪያ ቆሟል፤ አሮጌ በርኖስ የለበሰ እንጨት። አንጓች ፊቱ ቆመችና እጅ ነሳች፦

«እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ? ቤተሰብ ደኅና ነው?»

አጫጆቹ በሳቅ ወደቁ። ቢምረውም ሳቀ። እየሳቀ ሄደና ቅሉን ከራሷ ላይ አነሳ። ባዶ ነው።

«አንጓች፣ ጠጣሽ?»

«ኧረ አልጠጣሁም፣ አባባ። እርስዎ እንደማሉት ነው። መለኪያ በእጄ አልያዝኩም፤ በመዳፌ ነው።»

ሰዎቹ እንደገና ሳቁ። ቢምረው ግን አልሳቀም። ንግግሩ የማን እንደሆነ ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። መዳፏን ይዞ አሸተተው፤ አረቄ አረቄ ይላል። ልጆቼ፣ ነብር ሲያባርር እንኳ ያልተሰማው ፍርሃት ያን ቀን ልጁን ሲያይ ያዘው። ማጭዱን ጣለና ተሸክሞ ዛፍ ጥላ ሥር አስተኛት። እስክትነቃ ድረስ ዝንብ እየከለከለ ተቀመጠ። አለቀሰም።

ስትነቃ ወደ ቤት ወሰዳትና እሱ ወደ መምሬ ሄደ።

«መምሬ፣ እንደገና ይገዝቱኝ።»

«በቅርቡ አልማልክም እንዴ?»

«ያ መሐላ ቀዳዳ ነበረበት። ልጄ ገባችበት። አሁን በደንብ ልማል። በመለኪያ ቢሉ፣ በቅል ቢሉ፣ በመዳፍ ቢሉ፣ በሰው እጅ ቢሉ፣ ቆሜ ቢሉ፣ ተኝቼ ቢሉ...»

መምሬ ምሳቸውን በልተው ነበርና ዛሬ በደንብ ሰሙ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። አልጠጣም በልና ሂድ» አሉት።

«አልጠጣም።»

አንዲት ቃል ናት፤ እስኪላት ድረስ ግን ላብ በላብ ሆነ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቢምረው ለሳምንታት ከፍየል ጋር ሳይቀር ተጣላ። አንጓችም ነጭናጫ ሆነች፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ላቀች ለሁለቱም አጥሚት እየሠራች፦

«ሁለት ቁጡ ድመት ነው የማሳድገው» ትል ነበር።

እያደር ሱሱ ለቀቃቸው። አንድ ማታ ቢምረው ውኃ ጠማው። አንጓች ቀዳችና እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች። እሱ ግን መዳፏን በእጁ ከደነው፣ የራሱን ዘረጋና ቀመሰ።

«ከዛሬ ወዲያ ቀማሹ እኔ ነኝ። ውኃ ነው፤ አንቺ ቀድመሽ ጠጪ» አላት።

ፋሲካ ደረሰና ጋቢውን ለበሰ። ግማሹ እንደ ሐር ለስላሳ፣ ግማሹ ገመድ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ከቦ ሳቀበት፦

«ቢምረው፣ ለስላሳውን የአንጓች እጅ እንደፈተለው እናውቃለን። ይህን ጉድ ማን ፈተለው?»

አንጓች አንገቷን ደፋች። ቢምረው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበና መለሰላቸው፦

«እኔ ነኝ።»

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱ። የሚጠጣም ካመጣችሁ ውኃ ይሁን፤ እሱንም ቀምሳችሁ ስጡኝ።