ራጅ ያላሳየው ነገር

ይታክቱ በቅርቡ የወለደች ልጇን ልትጠይቅ ወደ ቤይሩት ለመሄድ ተሰልፋ ሳለ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው የፍተሻ ኃላፊ «አንቺ፣ ዕፅ ውጠሻል!» ብሎ ፓስፖርቷን ተቀብሎ ከሰልፉ አወጣት። ራጅ አስነሳት፤ ምንም አልተገኘባትም። ደግሞ አስነሳት። ራጁን ያነሳው ሐኪም «ሆዷ ውስጥ ምንም የለም» አለው። አውሮፕላኑ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ኃላፊው ግን በራጅ ክፍሉ በር ላይ በተሰበሰበው ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት አቅቶት ጮኸባት።

«ፊትሽ ያስታውቃል! በሆድሽ የያዝሽው ነገር አለ፤ አሁኑኑ አውጪው!»

ይታክቱ ነጠላዋን አስተካክላ በትሕትና እጅ ነሳች።

«አልዋሽዎትም ጌታዬ፤ አዎ፣ የያዝኩት አለ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ እርስዎ ብዙ ነገር በሆዴ ይዣለሁ። አውጪው ካሉኝ አወጣዋለሁ፤ ብቻ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይሁን ወይስ በሩን ልዝጋው?»

ሐኪሙ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ኃላፊው ፓስፖርቷን በሁለት እጁ ሰጣት።