ተረከዝ እይ

ከዋንዛት ወንዝ ፏፏቴ ጀርባ፣ በገደሉ ወገብ ላይ የተጋደመች አንዲት ቀጭን የድንጋይ መተላለፊያ አለች። ስሟ «ተረከዝ እይ» ነው። እሁድ እሁድ ከከተማ ለአንድ ቀን ሽርሽር የሚመጡ ሰዎች መኪናቸውን ሜዳው ላይ አቁመው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቁልቁለቱን ወርደው ሲደርሱና ስሟን ሲሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ አስጎብኚዎቹም ይሳቁ ብለው ይተዉአቸዋል። መተላለፊያዋ አፍ ላይ ሲቆሙ፣ የውሃው ድምፅ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ርጭቱ ፊታቸውን ሲያርሰው ግን ሳቁ ይቀንሳል። ያን ጊዜ አስጎብኚው ዘወር ብሎ «የሚፈራ ማነው?» ሲል ይጠይቃል። የሚፈራ ሰው እጁን አውጥቶ «እኔ» ይላል፤ ከመሪው ቀጥሎም እንዲሄድ ይደረጋል። በዚያ ቦታ በፈሪ መሳቅ ነውር ነው። ነውር የሆነበትን ምክንያት በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉት የግራርጌና የቀጋ አምባ ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሉ ይተርኩታል።

ዘመኑ መቼ እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ከክፉ ቀን በፊት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከዚያም ይርቃል ይላል። ብቻ በዚያ ዘመን በግራርጌ ውባንተ የሚባል፣ በሁለቱም ማዶ ቃሉ የሚከበር ሽማግሌ ነበር። የድንበር ጠብ የሚያበርደው እሱ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቀው እሱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲኖር ሰው የሚያሰማራው እሱ ነበር ይባላል። ሰው ሁሉ «አያ ውባንተ» ይለዋል። ይህ ሁሉ የሚያከብረው ሕዝብ ግን አንድ ነገር አያውቅም ነበር፤ አያ ውባንተ ገደል ይፈራል። ገደል ሲያይ ምድር የምትጎትተው ይመስለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ የዞረውን መንገድ ሁሉ በአንድ ሰበብ ሸፍኖ ኖሯል፤ በቅሎዋ ቁልቁለት አትወድም ይላል፣ በላይ በኩል የምጠይቀው ዘመድ አለኝ ይላል። ሚስቱ እንኳ አታውቅም ነበር ይባላል።

እንደሚነገረው ከሆነ፣ በአንድ ዓመት የግራርጌ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ምሰሶው ነቅዞ ሊወድቅ ደረሰና አያ ውባንተ የሁለቱን ማዶ ጎረምሶች በደቦ ጠርቶ አንድ ትልቅ ዝግባ እንዲቆርጡ አሰማራቸው። ወሩ ግንቦት ነበረ፣ ክረምቱ ደርሷል። ዛፉ ከግማሽ በላይ ከተቆረጠ በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጎረምሶቹ ነፋሱ እስኪያልፍ ለነገ እናቆየው ሲሉ፣ አያ ውባንተ ግን ዝናቡ ቢቀድመን ታቦቱ ሊበሰብስ ነው ብሎ ቁረጡ አላቸው። የመጨረሻውን ምሳር ያሳረፈው ደርሶ የሚባል የግራርጌ ጎረምሳ ነበር። ዝግባው እንደታሰበው አልወደቀም፤ ነፋሱ አዙሮ ጣለውና ከቀጋ አምባ የመጣውን ይርዳውን ገደለው።

ደርሶና ይርዳው ከወር በፊት በግጦሽ ተጣልተው ነበርና፣ የይርዳው ወንድም አስማረ ዛፉን ነፋስ ጣለው ቢሉት አላመነም። ደሙን እመልሳለሁ ብሎ ማለ። ቄሶቹ በመስቀል ለምነው እስከ ደመራ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ እንዲታገሥ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አልገባም። አስማረ ማር ቆራጭ ነበር፤ ሌላው ሰው የሚሸሸውን የፏፏቴውን ጀርባ መንገድ በደንብ ያውቀዋል።

ክረምቱ ገባ። ዋንዛት ሞልቶ የግንዱን ድልድይ ይዞት ሄደ፤ መሻገሪያ ሆኖ የቀረው ያ የፏፏቴው ጀርባ መንገድ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፏፏቴው በላይ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ እየቆሙ፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ይዘው ዕርቁን በጩኸት ጀመሩ። ሐምሌንም ነሐሴንም እንዲህ ጮኹ። በመጨረሻ የሟቹ እናት የሻረግ ራሷ ወደ ወንዙ ወርዳ መልስ ሰጠች። ቃሏን እስከ ዛሬ በሁለቱም ማዶ ያስታውሱታል፤

«ልጄን በጩኸት አልቀበርሁትም፣ በጩኸትም ይቅር አልልም። ዛፉን ቁረጡ ያለው ውባንተ ነው። ውባንተ ደጄ ይምጣ። ደመራ ሳይመሽ ከመጣ አስማረን እይዘዋለሁ፣ ካልመጣ ግን እኔም አልይዘውም።»

ይህ ቃል ለአያ ውባንተ ሲደርሰው እሄዳለሁ አለ። በማግሥቱ ጉልበቴን አመመኝ አለ። በሳምንቱ ወባ ያዘኝ ብሎ ጋቢ ተከናንቦ ተኛ። ሰው ሽማግሌ ነው፣ አሞት ነው አለ። እሱ ግን ጋቢው ውስጥ ሆኖ የሚያየው ሁለት ነገር ነበር ይባላል፤ አንደኛው ያ ገደል ነው፣ ሁለተኛው የየሻረግ ፊት። ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደሚፈራ ለራሱም አልተለየውም።

የደመራ ዕለት ጠዋት ደርሶ መጣ። ከደጅ ቆሞ እጅ ነሣና ረጋ ብሎ ነገረው፤

«አያ፣ እርስዎ ካልቻሉ እኔ ልሻገር ነው። አስማረ እኔን ካገኘኝ ወንድሞቼን ይተዋቸዋል።»

አያ ውባንተ ልጁን አየው። በክረምቱ ውስጥ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ዛፉን ቁረጥ ያለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ልጁ ስለ እሱ ፍርሃት ሊሞት መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ጋቢውን ጥሎ ተነሣና ደርሶን እቤት ቆይ፣ ከደጄ እንዳትነሣ ብሎ አስምሎት፣ በትሩን ይዞ ብቻውን ወረደ። ሰው እንዲከተለው አልፈለገም። ሰው እንዲያየው አልፈለገም።

ፏፏቴው ሥር ሲደርስ ፀሐይ ከቀትር አልፋለች። መተላለፊያዋን አየ። የፍየል መንገድ ታክል ነበር፤ በቀኝ ጥቁር ዐለት፣ በግራ ነጭ ውሃ፣ ከታች ደግሞ የማይታይ ነገር። አንድ እግሩን አስቀደመና መለሰው። እንደገና አስቀደመ፣ እንደገናም መለሰ። እንዲህ እያለ ፀሐይዋ ወደ ቀጋ አምባ ማዘንበል ጀመረች።

በዚህ ጊዜ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ባዶ ስልቻዋን በትከሻዋ አንግታ ወረደች። ለሸክላ የሚሆነው አፈር የሚገኘው ከፏፏቴው ወዲያ፣ በቀጋ አምባ በኩል ነበርና በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚያ ትመላለሳለች። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን ሰው እንዴት ያያት እንደነበር የሚታወቅ ነው፤ እንስራዋን ይገዛሉ፣ ከእሷ ጋር ግን በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ጠዋት መንገድ ላይ ካገኟትም ፊታቸውን ያዞራሉ። አያ ውባንተም ያዞር ነበር።

አንጓች ሽማግሌውን ስታይ ፈንጠር ብላ ቆመችና በአክብሮት ይለፉ አለችው። እሱም አንቺ እለፊ አላት። እንዴት እቀድማለሁ ብላ እምቢ አለች። ጥቂት እንደቆዩ እግሩን አስቀድሞ ሲመልሰው አየች፤ እሱም ማየቷን አወቀ። በስድሳ ዓመት ዕድሜው ለማንም ያልተናገረውን ፊቱን ሲያዞርባት ለኖረችው ሴት ነገራት ይባላል፤

«እፈራለሁ።»

አንጓች አልሳቀችም። ስልቻዋን አስተካክላ እንዲህ አለችው፤

«እኔም እፈራለሁ፣ ጌታዬ። እዚህ መመላለስ ከጀመርሁ ሃያ ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ሳልፈራ አልፌ አላውቅም። ውሃውን አይመልከቱ። ገደሉንም አይመልከቱ። ተረከዜን ይዩ፣ እኔ የረገጥሁትን ይርገጡ።»

አያ ውባንተ ይህን ሲሰማ ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል አለው። ሰው ያን መንገድ የሚያልፈው ባለመፍራቱ ይመስለው ነበር እስከዚያ ቀን።

ገቡ። ድምፁ ጆሮ ይደፍናል፣ ውሃው እንደ መጋረጃ በግራቸው ይወርዳል፣ ድንጋዩ ያሟልጫል። እሱ ግን ዓይኑን ከአንጓች ተረከዝ ላይ አላነሣም። ተረከዟ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ነበር፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ አፈር ገብቶበታል፤ ግራውን ከቀኙ ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች። ተረከዙ ሲነሣ ያነሣል፣ ሲያርፍ ያሳርፋል። መሐል ላይ ሲደርሱ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። አንጓች ቆመች። ዘወር ለማለት ቦታ አልነበረምና ፊቷን ሳታዞር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታወራው ጀመር። ስለ እሳት አወራችው፤ ከአሥር እንስራ ሦስቱ ምድጃ ውስጥ እንደሚፈነዳ፣ የትኛው እንደሚፈነዳ ሠሪዋ እንኳ አስቀድማ እንደማታውቅ፣ ቢሆንም ሁሉንም እሳት ውስጥ ከመክተት ሌላ ምርጫ እንደሌለ። ንግግሯ ግማሹ በውሃው ድምፅ ተዋጠ። እሱ የሰማው ድምፅዋ እንዳልተቋረጠ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እጁን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያም ጉልበቱን።

በቀጋ አምባ በኩል አስማረ ከአራት ጎረምሶች ጋር ጦሩን ይዞ የመተላለፊያዋን መውጫ ይጠብቅ ነበር፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ሊገባባት ነው። እንደሚነገረው መጀመሪያ የታየው ስልቻ ያንጠለጠለች ሸክላ ሠሪ ናት። ከእሷ ኋላ ግን የተከበረው አያ ውባንተ ልብሱ በስብሶ፣ ፂሙ ውሃ እያንጠባጠበ፣ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር ይባላል። አስማረ ዞር ብሎ ሲያየው ጎረምሳው አፉን ዘጋ። ማር ቆራጩ አስማረ ያንን ገደል ያውቀዋል፤ በዚያ ውስጥ በእንብርክክ ማለፍ ቆሞ ከማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድም ያውቃል። ሽማግሌው መነሣት ሲያቅተው ጦሩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን ዘረጋለትና ጎትቶ አስነሣው። እናቴ ቤት ናት ብቻ አለው።

አያ ውባንተ ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አባቶች የተናገሩት ምሳሌ፣ የጥንት ዕርቅ፣ የመጽሐፍ ቃል። የሻረግ ደጅ ላይ ሲቆም አንዱም ትዝ አላለውም። እሷም ከጎጆዋ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።

«ቁረጡ ያልሁት እኔ ነኝ» አላት። «ነፋሱን አይቼ ነው ቁረጡ ያልሁት። ልጁ የታዘዘውን አደረገ። ክረምቱን ሁሉ ያልመጣሁት ፈርቼ ነው፤ ገደሉንም አንቺንም ፈርቼ።»

የሻረግ የተላጠውን መዳፉን አየች። ከአራት ወር በፊት ልጇ ሲሞት ነፋሱ ነው፣ ዕጣው ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ያላት ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላት ግን አንድም አልነበረም። ወደ ውስጥ ገባችና አንድ ደረቅ ጋቢ ይዛ ተመለሰች። የይርዳው ጋቢ ነበር።

«ልብስህ በስብሷል» አለችው። «ተቀመጥ።»

ጋቢውን በትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። አያ ውባንተ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያም ከሆዱ ሥር የወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። በደጅ ቆመው የነበሩት ሰዎች ያን ትንፋሽ ሲሰሙ እነሱም ሳያውቁት አብረው ተነፈሱ ይባላል። አስማረ ጦሩን ከቤቱ ግድግዳ አስደገፈ። ትንሽ ቆይቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ያለቀሰው ያን ዕለት ነው።

ማዕድ ሲቀርብ አንጓች እንደ ልማዷ ከአጥር ውጭ ቆማ ነበር። አያ ውባንተ እጁን ከመታጠቡ በፊት ያመጣችኝ ሴት ማዕዱ ካልቀረበች እኔም አልቀርብም አለ። የቤቱ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሻረግ ግን ሳትከራከር ተነሥታ ወጣችና አንጓችን በእጅዋ ይዛ አስገባቻት። ያን ማታ በሁለቱም ማዶ ደመራ በራ፤ ግራርጌዎች ከቀጋ አምባ በጦር ፈንታ የደመራ እሳት አይተው አያ ውባንተ መድረሱን አወቁ፣ ደርሶም ከቆመበት ደጅ ተነሥቶ እናቱ ቤት ሄደ። በሳምንቱ እሱም ከአንጓች ኋላ ተረከዟን እያየ ተሻገረና የሻረግን እግር ስሞ ታረቀ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ማዶ ሰው በደም ተፈላልጎ አያውቅም ይላሉ፤ ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ እንጃ፤ ተራኪዎቹ ግን ከልባቸው ነው የሚሉት።

አያ ውባንተ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ገደል መፍራቱን አልተወም። እየፈራ ግን ይሻገር ነበር፤ ሲሻገርም መጀመሪያ መፍራቱን ይናገራል።

ዛሬ መተላለፊያዋ በግራ በኩል የሽቦ ገመድ ተወጥሮላታል። የሚሻገረውም አብዛኛው ቦርሳ ያዘለና ፎቶ የሚያነሣ የከተማ ሰው ነው። በቀጋ አምባ በኩል በመውጫው ላይ ግን የመንደሩ ሴቶች በየተራ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ከአጠገባቸው ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የታጠፉ ደረቅ ጋቢዎች ተደርድረዋል። እየፈራ የተሻገረ ሰው በስብሶ ሲወጣ ከሴቶቹ አንዷ ማንነቱን ሳትጠይቅ ብድግ ትልና አንዱን ጋቢ ዘርግታ በትከሻው ላይ ጣል ታደርግለታለች፣ «ተቀመጥ» ትለዋለች። ሰውየውም ይቀመጥና ይተነፍሳል።